አስራ ዘጠኝ አንዶች

ከክፍል ሲያወጡኝ እጄ ላይ የጠመኔ ብናኝ ነበር። ንፋስ መውጫ ከተማ ውስጥ ወደ አንድ መጋዘን አስገቡኝ፤ ድሮ ገብስ ይቀመጥበት እንደነበር ሽታው ይናገራል። መርማሪው ደብተሬን ገለጠ። ለማግስቱ ትምህርት ያዘጋጀሁት ገጽ ላይ አስራ ዘጠኝ አንዶች ተደርድረዋል።

«እነዚህ አስራ ዘጠኝ ሰዎች እነማን ናቸው?»

«ሰዎች አይደሉም ጌታዬ። አንድ ትልቅ ቁጥር ነው። ከአንድና ከራሱ በቀር አካፋይ የለውም። ብቸኛ ቁጥር እንለዋለን።»

«ለሚያውቅ ሰው አሳየዋለሁ። አካፋይ ከተገኘለት ዋሽተኸኛል። ያኔ ከተማሪዎችህ አስራ ዘጠኙን ራሴ መርጬ አመጣለሁ።»

ነገሩን መጽሐፍ ላይ አነበብሁት እንጂ አካፍዬ አላውቅም። ስገለብጥ ተሳስቼ ቢሆንስ?

አብረውኝ የታሰሩ አንድ መሪጌታ ነበሩ፤ የእስቴ ሰው። ባሕረ ሐሳብ ያስተምራሉ፤ በዓላትና አጽዋማት የሚውሉበትን ቀን በቁጥር ያወጣሉ። ጭንቄን ነገርኋቸው።

«ለአስራ ዘጠኝ ማካፈልማ የኛ ሥራ ነው» አሉና አቧራው ላይ በጣታቸው ጀመሩ። እኔ ከንፈራቸውን አያለሁ። ቆይተው ቀና አሉ።

«ምንም አልተረፈ። ለአስራ ዘጠኝ ልክክ ብሎ ይካፈላል።»

የተማሪዎቼ ፊት አንድ በአንድ መጣብኝ። እህል አልቀምስ አልሁ።

ከቀትር በኋላ እንደገና እንዲያካፍሉልኝ ለመንኋቸውና ከጎናቸው ተቀምጬ ተከተልሁ። መጨረሻ ላይ አንድ ተረፈች። እሳቸው ግን በመዳፋቸው አበሷት።

«የኔታ፣ አንዷስ?»

«እሷንማ ለዘመን ጣልኋት።»

ባሕረ ሐሳብ ሲቆጠር ከተረፈው ላይ አንድ ይቀነሳል። አርባ ዓመት የለመደ እጅ ነው። ያደረጉትን ሲረዱ ፊታቸው ጠቆረ።

«ልጄ፣ ላስፈጅህ ነበር» አሉ።

ማግስቱን ልቤ ትንሽ ረግቶ ቀረብሁ። መርማሪው ስለ ቁጥሩ አንድም ነገር አልጠየቀኝም። አስራ ዘጠኝ መስመር የተሰመረበት ወረቀት ገፋልኝ።

«ሒሳቡን ተወው፤ ስም ሙላ።»

በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። እስክሪብቶው ከእጄ ላብ የተነሣ ይንሸራተት ነበር። በየመስመሩ አንድ አንድ ቁጥር፣ 1፣ ጻፍሁ። አስራ ዘጠኙን ሞልቼ ከታች ፈረምሁ። ከዚያ የደረሰብኝን አልዘረዝርም። ስም ግን ከእኔ አልወጣም፤ ተማሪዎቼንም አልነኳቸውም።

አሁን ወገዳ ከተማ ነው የማስተምረው። ባለፈው የገበያ ቀን አንድ የዚያን ጊዜ ተማሪዬ ባጃጁን አቆመልኝ።

«መምህር፣ ይግቡ፣ ላድርስዎ።»

መንገዱን ሙሉ ስለ አራስ ሚስቱ ሲያጫውተኝ ከኋላ ትከሻውን እያየሁ ሄድሁ። ሰዎች ስለዚያ ወረቀት ሲሰሙ ጀግና ይሉኛል። እውነቱ ሌላ ነው። መጀመሪያው መስመር ላይ ልጽፍ የጀመርሁት የእሱን ስም ነበር። የፊደሉን አንድ እግር አውርጄ እጄ ቆመ። ያችን ጭረት አንድ ቁጥር አስመሰልኋት፤ የቀሩትን አስራ ስምንት አንዶች የደረደርሁት እሷን ለመሸሸግ ነው።