ከክዳኑ ሥር ያለው

እማማ ቁልፍን የማያውቅ የዚያ ግቢ ነዋሪ የለም። ሰው ከማየቱ በፊት ድምፃቸውን ይሰማል። ወገባቸው ላይ የታሰረው ሃያ ሦስት ቁልፍ ከሳቸው ቀድሞ ደረጃ ይወጣል፣ ከሳቸው ቀድሞ ይደርሳል። አምፖል ሲቃጠል እሳቸው፣ ቧንቧ ሲያፈስ እሳቸው፣ ሰው ከገዛ ቤቱ ውጪ ሲቆለፍበት እሳቸው። አራት ፎቆች ፊት ለፊት ተፋጠው የቆሙበትን ያንን ግቢ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ሲጠርጉ፣ ሲጠግኑና ሲጠብቁ ኖረዋል። ዕድሜያቸው ስድሳ ስድስት ነው፤ ጉልበታቸው ቢያቃስትም ምላሳቸው ገና የሃያ ዓመት ነው።

የግቢው መሐል ሰፊ ሲሚንቶ ነው። ሁለት ዥዋዥዌ፣ አንድ ሸርተቴ፣ አራት አግዳሚ ወንበር፣ መሐሉ ላይ ደግሞ ጓጉንቸር የተንጠለጠለበት ክብ የብረት ክዳን አለ። ከክዳኑ ሥር ድሮ ውኃ ይጠራቀምበት የነበረ፣ አሁን የደረቀ ጉድጓድ ነው። እማማ ቁልፍ ዥዋዥዌዎቹን በየሳምንቱ ዘይት ይቀባሉ፤ ሸርተቴውን በየጠዋቱ በጨርቅ ይወለውላሉ። ለማን? እስቲ ንገሩኝ፣ ለማን? በአራቱ ፎቅ አርባ ልጅ ይኖራል፣ አንዱም ዝር አይልም። ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ፀሐይዋ ሲሚንቶውን አሙቃ ስትጠብቅ ግቢው ጭር ይላል፤ የገዛ ትንፋሽ እስኪሰማ ድረስ ጭር ይላል። ቀና ቢሉ በየመጋረጃው ጥግ ትንንሽ ፊቶች አሉ። ያያሉ፣ አይወርዱም። እማማ ቁልፍ አንድ እርምጃ ሲራመዱ መጋረጃዎቹ ሁሉ ባንድ ጊዜ ይዘጋሉ።

ሌላም ነገር ነበር። ከውጪው በር ተነስቶ በመሐል ለሚያልፍ ሰው እስከ ደረጃው አርባ እርምጃ ነው። ማንም ግን በመሐል አያልፍም። ግድግዳ ግድግዳውን ታክኮ፣ ዞሮ ዞሮ ዘጠና እርምጃ ይሄዳል። አስተማሪውም፣ ነርሷም፣ የዳቦ ቤቱ ባለቤትም እንደዚያው። ዕቃ የከበደውም ይዞራል፣ ዝናብ የሚደበድበውም ይዞራል። እማማ ቁልፍ ይህን ለዓመታት አይተው «ጥላ ፈልገው ነው» ብለው ትተውት ነበር። በዝናብ ምን ጥላ ይፈለጋል? እሱን አላሰቡትም።

ለልጆቹ መጥፋት ግን ምክንያቱን አግኝተው ጨርሰዋል። «ስልኩ ነው! ቴሌቪዥኑ ነው!» ይሉ ነበር። በነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ተነስተው አፋቸውን ሞልተው ተናገሩ፦

«ልጆቻችሁን አውጧቸው! ጨለማ ውስጥ እንደተረሳ ሽንኩርት እዚያው አቆጥቁጠው ሊቀሩ እኮ ነው! ዥዋዥዌው እኔን ነው እንዴ የሚጠብቀው? ልውጣበት እንዴ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ፣ አጨበጨበ፣ «እውነታቸውን ነው» አለ። ከዚያ ግድግዳውን ታክኮ ወደየቤቱ ገባ።

ነገሩ እሳቸው ቤት ሲገባ ቀልዱ አበቃ። እማማ ቁልፍ ምድር ቤት የሚኖሩት ከሴት ልጃቸውና ከልጅ ልጃቸው ጋር ነው። ሴት ልጃቸው ልብስ ሰፊ ናት፣ ቤት ውስጥ ትሠራለች። የልጅ ልጃቸው ሰባት ዓመቷ ነው፤ ከማነሷ የተነሳ ድንቢጥ ይሏታል። ድንቢጥ ደረጃ ላይ ሁለቴ ወደቀች። እግሬን አመመኝ ማለት አበዛች። ሐኪም ቤት ተወሰደች፤ ሐኪሙ ቅልጥሟን ዳበስ ዳበስ አደረገና፣ «ይህች ልጅ ፀሐይ ታውቃለች?» ብሎ ጠየቀ። እናትና አያት አንገታቸውን ደፉ።

«አጥንቷ ሳስቷል» አላቸው። «እግሯ መጉበጥ ጀምሯል። መድኃኒት እሰጣችኋለሁ፣ ግን እሱ ብቻውን አይበቃትም። በየቀኑ ትውጣ፣ ትሩጥ፣ ትዝለል። ዛሬ ነገ ካላችሁ እንደ ጎበጠ ይቀራል።»

እማማ ቁልፍ በማግስቱ፣ ልክ አሥር ሰዓት ላይ፣ የድንቢጥን እጅ ይዘው ወጡ። ልጅቷ ደፍ ላይ ስትደርስ ቀጥ አለች። መዳፏ ባንዴ ቀዘቀዘ። ከዚያ በጣቶቿ ጫፍ ቆማ፣ ጀርባዋን ግድግዳው ላይ ለጥፋ፣ ወደ ጎን ወደ ጎን መሄድ ጀመረች።

«ምነው የኔ እናት? ነይ በመሐል እንሂድ።»

«እማማ፣ ቁልፍሽን ያዢው» አለች በሹክሹክታ።

«ለምን?»

«ይሰማላ።»

«ማን ነው የሚሰማው?»

ድንቢጥ በጣቷ አልጠቆመችም፤ በአገጯ ብቻ ክዳኑን አሳየች። «ከሥር ያለው። የሚሮጥ ልጅ እግር ይሰማል። ከሰማ ያንኳኳል። ሦስቴ ካንኳኳ ይወስዳል። ሲመጣ ቁልፉ ይንሿሿል።»

«ቁልፍ ደግሞ ከየት አመጣ?»

«እንዴ! አለው እኮ። ቁልፍ ሲሰማ አይደል ልጆች ሁሉ የሚገቡት?»

የእማማ ቁልፍ እጅ ሳያዙት ወገባቸው ላይ ሄዶ ቁልፎቹን ጨበጠ። ቀና ሲሉ በየመስኮቱ መጋረጃው ተዘግቷል። ያንን ወሬ ያውቁታል። ወሬው የገዛ ራሳቸው ነው።

ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። ያኔ ጉድጓዱ ገና ተሠርቶ፣ ክዳን ሳይገጠምለት አፉን ከፍቶ ሰነበተ። ልጆች በዙሪያው ይራወጡ ነበር። አንዱን ሕፃን ከአፉ ላይ በሸሚዙ ኮሌታ ይዘው ነው ያስቀሩት፤ ያን ቀን እህል በአፋቸው አልዞረም። ክዳን አምጡ ብለው ጮኹ፤ ዛሬ፣ ነገ ተባሉ። ልጆቹን ተቆጡ፣ አባረሩ፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አሏቸው። ታዲያ ምን ያድርጉ? አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልጆቹን ዥዋዥዌው ሥር ሰብስበው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሯቸው። ከሥር አንድ አለ። የሚሮጥ እግር ይሰማል። ከሰማ ያንኳኳል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ጉድጓዱ የተጠጋ ልጅ የለም፤ እማማ ቁልፍም «እሰይ፣ ጎሽ እኔ!» ብለው ራሳቸውን አመሰገኑ።

ከሁለት ወር በኋላ ክዳኑ ተገጠመ። ወሬው ግን ሳይከደን ቀረ። እሳቸው ሥራ በዛባቸው፣ ረሱት። ልጆቹ አደጉ፣ አገቡ፣ ወለዱ፤ ብዙዎቹ እዚያው ፎቅ ላይ ቀሩ። ሦስቴ ማንኳኳቱን ግን እሳቸው አልተናገሩም። ቁልፉንም አልተናገሩም። ወሬው ሠላሳ ዓመት ሙሉ ብቻውን፣ በሹክሹክታ ሲያድግ ኖሯል፤ ሲያድግም የሳቸውን ቁልፍ ታጥቋል። እሳቸው ልጅ ጠፋ እያሉ ስልክና ቴሌቪዥን ሲረግሙ፣ ልጁን ሲያባርሩ የኖሩት ራሳቸው ናቸው።

እቤት ገብተው ልጃቸው ፊት ቆሙ። የስፌት መኪናው እየጮኸ ነበር።

«አንቺ ነሽ ያንን ነገር የነገርሻት?»

«እኔ ምን ነገርኳት? ልጆች ሁሉ ያውቁታል።»

«ፈጠራ እኮ ነው! እኔ ነኝ የፈጠርኩት!»

መኪናው ቆመ። ልጃቸው መርፌው ሥር እንደተጣበቀ ጨርቅ ሆና አየቻቸው። «አንቺ?»

«እኔ! አሁን አንቺ ትልቅ ሰው፣ የልጅ እናት፣ ታምኚዋለሽ?»

«ኧረ አላምንም» አለች። ጨርቁን ከመርፌው ሥር ሳበችና፣ «ግን ከልጅነቴ ወዲህ ረግጬው አላውቅም» አለች። ድምጿ የልጅ ድምፅ ሆነ። «ስምንት ዓመቴ ሆኖ አንዴ ሮጬበት ነበር። እግሬ ከሥር ይመልስልኝ ነበር። ከዛ ቆምኩ። እሱ ግን አንድ እርምጃ ጨመረ።»

«ባዶ ጉድጓድ ነው! ድምፅ ይመልሳል እንጂ ምን ያደርጋል?»

ልጃቸው መኪናውን መልሳ አስነሳች። እማማ ቁልፍ በየቤቱ ዞረው ፈጠራው የኔ ነው ብለው ተናዘዙ። ትልልቆቹ በሐፍረት ፈገግ አሉ፣ ልጆቹ አላመኑም። ድንቢጥማ ቁርጡን ነገረቻቸው፦

«እሱ ነዋ እንደዚያ በይ ያለሽ።»

ወይ ጉድ! የልጅቷ እግር ደግሞ ወሬ እስኪጣራ አይጠብቅም። እማማ ቁልፍ አንድ ነገር ብቻ እንደቀራቸው ገባቸው። ከሃያ ሦስቱ ቁልፍ ሠላሳ ዓመት ያልተነካ አንድ ቁልፍ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ጓጉንቸሩን ዘይት አጠጥተው ከፈቱት። ክዳኑን ገፍተው ጉድጓዱ እስኪናፈስ ድረስ ተዉት። አራቱን አግዳሚ ወንበሮች ጎትተው አፉን ዙሪያውን አጠሩት፤ ዳግመኛ የማንንም ልጅ በኮሌታ መያዝ አያምራቸውም። ከሰዓት በኋላ ሻማ አብርተው በገመድ አወረዱ። አየሩ ቢበላሽ ሻማው ይጠፋ ነበር፤ አልጠፋም። ነበልባሉ ብቻ ወደ አንድ ጎን፣ ወደ ጥጉ ዘመም አለ። አሥር ሰዓት ሲሆን በየሰገነቱ ሰው ሞልቶ ነበር። ድንቢጥ ደፍ ላይ የእናቷን ቀሚስ ጨብጣ ቆማለች።

«አየሽ አይደል?» አሉ እማማ ቁልፍ ጮክ ብለው። «ካለ እጁን ይዤ አወጣዋለሁ!»

አሥራ አንድ የብረት መርገጫ ነበረው። ባትሪ ይዘው እያቃሰቱ ወረዱ። ከታች ደረቅ ነው፣ የዝገት ሽታ አለው፣ ግቢውን የሚያህል ስፋት አለው፤ የባትሪያቸው ብርሃን ጥጉ ጋ አይደርስም። አንድ እርምጃ ሄዱ፤ ቁልፋቸው ተንሿሿ። ጉድጓዱ ከአራቱም ማዕዘን መለሰው። እማማ ቁልፍ ባሉበት ደረቁ። ከሥር ያለው ቁልፍ አለው ያለችው ልጅ አልተሳሳተችም፤ ይኸው አሁን አለው። የራሳቸው ፈጠራ ውስጥ ቆመው ላብ አጠመቃቸው። ወደ ላይ ሊጣሩ አፋቸውን ከፈቱ፣ ድምፅ እምቢ አለ። መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

ከላይ ጸጥታ ሆነ። ጸጥታው ረዘመ።

ከዚያ ተሰማቸው። ከሕንፃው በኩል፣ ከራሳቸው በላይ፣ ጠብ ጠብ የሚል እግር። አንደኛው እግር ጠንካራ፣ ሌላኛው የሚያነክስ ነው። በመሐል፣ ቀጥ ብሎ፣ እየሮጠ መጣ።

«ልቀቃት!» ሲሚንቶው በትንሽ እግር ይደበደባል። «እማማን ልቀቃት! እየሮጥኩ ነው፣ ይኸው፣ ና እኔን ስማ!»

እማማ ቁልፍ እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። ድምፃቸውም ተፈታ። «አለሁ! አለሁ የኔ እናት!»

ከወንበሮቹ ማዶ ትንሿ ፊት ብቅ አለች። «ብቻሽን ነሽ?»

«ብቻዬን ነኝ።»

«ምን ይሰማል?»

«ያንቺ እግር ብቻ። እንዴት ደስ ይላል መሰለሽ! እስቲ ሩጪ፣ ልስማው።»

ድንቢጥ ሮጠች። ክብ ሠርታ፣ እያነከሰች፣ እየሳቀች ሮጠች። ከዚያ ሌላ እግር ተጨመረ፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ ሊቆጠር አልቻለም። ደረጃዎቹ ልጅ አዘነቡ። ጣሪያው በረዶ እንደሚወርድበት ቆርቆሮ ጮኸ። ዥዋዥዌዎቹ ዘይታቸውን ጠጥተው በዝምታ መወዛወዝ ጀመሩ። ከልጆቹ መሐል ከባድ እግርም ነበረበት፤ አስተማሪው፣ ነርሷ፣ የገዛ ልጃቸውም በመሐል እያለፉ ነው። እማማ ቁልፍ ከታች ተቀምጠው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ እንደ ሕፃን አለቀሱ። ሠላሳ ዓመት የቀረባቸው ሁሉ ከራሳቸው በላይ ይሮጥ ነበር።

«በሉ ቁሙ! ትንሽ ተንፍሱ!» አለች አንዷ እናት ከላይ።

እግሮቹ ሁሉ ቆሙ። አርባ ልጅ ባንዴ ቆመ።

አንድ እግር ግን አልቆመም። ከላይ አልነበረም። ከጥጉ፣ ሻማው ካዘመመበት በኩል፣ ባዶ እግር የሚመስል፣ ቀላል፣ አንድ እርምጃ ነበር። ከዚያ እሱም ቆመ።

እማማ ቁልፍ አሥራ አንዱን መርገጫ ጉልበታቸው እንዳልታመመ ሰው ሆነው ወጡት። ከላይ ልጆቹ ከበቧቸው፤ ሁሉም ቀልተዋል፣ ሁሉም ያለከልካሉ። ድንቢጥ ጉንጯ እንደ ቲማቲም በርቶ፣ ግንባሯን ላብ ወርዶት፣ ዐይናቸው ውስጥ ገብታ ትጠብቃለች።

«እማማ፣ ምን አለ?»

እማማ ቁልፍ የልጅቷን እግር አዩ። ከዚያ በየመስኮቱ አዩ፤ መጋረጃዎቹ ሁሉ ተከፍተዋል። ልጃቸው ከልጆቹ ኋላ ቆማ በዐይኗ ብቻ ትጠይቃለች። በሕይወታቸው አንድ ወሬ አውርተዋል፣ እሱም ሠላሳ ዓመት ፈጅቷል።

«ምንም የለም» አሉ። «ባዶ ነው።»

ክዳኑን መለሱ፣ ቆለፉት፣ ቁልፉን ሁለቴ አዞሩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ የቁልፍ ዘለላቸውን እቤት ትተው ይወጣሉ፤ ወንበሩን ክዳኑ አጠገብ አስጠግተው ይቀመጣሉ። የድንቢጥ እግር በወሩ በረታ፣ በሦስተኛው ወር ከማንም ቀድማ መሮጥ ጀመረች። ሐኪሙም አይቶ «እሰይ» አለ። ልጆቹ አንዳንዴ ደክሟቸው ሁሉም ባንድ ጊዜ ይቆማሉ። ያኔ የእማማ ቁልፍ ፊት ይለዋወጣል፤ ክዳኑን ሳያዩ፣ ቶሎ ብለው፣ በሁለት እጃቸው እያጨበጨቡ ይጮኻሉ፦

«ምን ትቆማላችሁ? ሩጡ እንጂ!»