የአክስቴ የእንግሊዝ ዳቦ

 ዛሬ የገንዳ ውሃ ከተማ ሙቀት ሊጤን ሲያሆመጥጠው ሽታው አክስቴን አስታወሰኝ።

አክስቴ ካርቱም እንግሊዞች ቤት ስታበስል ኖራ፣ ደክሟት ወደዚሁ ተመለሰችና ትንሽ ሻይ ቤት ከፈተች፤ እኔ ያኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። «ዳቧቸው ከተሸጠልኝ ሰው ቤት አልመለስም» አለች። የቲማቲም ጣሳ ቆርጣ ቀለበት ሠራች፤ ብረት ምጣድ ላይ ደርድራ ቀጠን ያለ ሊጥ ጨመረችባቸው። ላዩ እንደ እንጀራ ዓይን ሲያወጣ ቅቤና ማር ቀባችው። ሊጡን ግን በአየር ማቀዝቀዣ በቀዘቀዘው የእንግሊዞቹ ወጥ ቤት እንደለመደችው ሲቦካ አሳድራው ኖሮ፣ በእኛ ሙቀት ሆምጥጦ ነበር።

አንድ የትራክተር ሹፌር ቀመሰና «እቴ፣ እንጀራሽስ ሸጋ ነው፤ ወጡ ወዴት አለ?» አላት።

«ይቺን ታህል፣ ለአራስ ልጅ የጋገርሽው ነው?» አለ ሌላው። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አክስቴም አብራ ሳቀች፤ ሽሮ ሠርታም አቀረበችላቸው።

ሲወጡ እግሯን ዘርግታ ተቀመጠች።

«ነገ ይጣፍጥልሻል» አልኳት።

«ልጄ፣ ሰው ቤት እንኳ እንዲህ ደክሞኝ አያውቅም» አለችኝ።

በሳምንቱ ልብሷን በፌስታል ጠቅልላ፣ መተማ ላይ ድንበሩን ተሻግራ ካርቱም እዚያው ሰው ቤት ገባች።