ጋሽ በራሶ ሳይበሉ የወጡ ዕለት

ባለፈው ሳምንት አንድ አዲስ ሕንፃ ውስጥ ደረጃ ስወጣ ያልደረቀ ቫርኒሽ ሸተተኝ። እጄ ሳላዘው ከመደገፊያው ሥር ገብቶ መዳበስ ጀመረ። ሥሩ ሻካራ ነበር፤ ስንጥር ጣቴን ወጋኝ። እሱን እየነቀልኩ ጋሽ በራሶን አስታወስኳቸው። ልቤ ግን እንደ ወትሮው ዝም አለ። እሳቸውን ሳስብ ማዘን እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ ሐዘኑ ግን አይመጣም።

ጋሽ በራሶ ዲላ ሳለን ጎረቤታችን ነበሩ። በጃንሆይ ጊዜ የከተማው ፎቅ ቤት በጣት የሚቆጠር ነበር፤ የአብዛኞቹን ደረጃ የሠሩት እሳቸው ናቸው። ዓይናቸው ደክሞ መሮና መላጊያ ካስቀመጡ በኋላ ደግሞ የሌሎችን ሥራ ይመረምሩ ጀመር። አናጢ ደረጃ ሲጨርስ፣ ቫርኒሽ ከመቀባቱ በፊት ባለቤቱ እሳቸውን ያስጠራል። ካኪ ኮታቸውን ለብሰው፣ ሥራ ካቆሙም በኋላ ያልለቀቃቸውን የሰጋቱራ ሽታ አስከትለው ይመጣሉ። መደገፊያውን ከላይ አያዩትም። “ላይዋን ዓይን ያያታል፤ ሥሯን ግን እጅ ነው የሚያውቃት” ይሉ ነበር። መዳፋቸውን ከሥር አስገብተው ከታች እስከ ላይ ይወጣሉ፤ ቋሚዎቹን አንኳኩተው ያዳምጣሉ፤ መጋጠሚያው ላይ ጥፍራቸውን ይሰዳሉ። ጥፍር ከገባ ሥራው አልሆነም። በሰጋቱራና በኮላ የተደፈነ ስንጥቅ ከሳቸው አያመልጥም።

ፍርዳቸውን ግን በአፍ አይናገሩትም። የቤቱ እመቤት ቆጮ በጎመን ታቀርባለች፤ ሥራው ካማራቸው ቁጭ ብለው ይበላሉ፣ ካላማራቸው ባርኔጣቸውን አንስተው ይወጣሉ። ሰዉ “የጋሽ በራሶ ሆድ ዳኛ ነው” እያለ ይቀልድ ነበር። አናጢዎቹ ግን አይስቁም። እሳቸው ሳይበሉ የወጡበትን ደረጃ የሠራ ሰው ዲላ ውስጥ ሌላ ሥራ አያገኝም።

ቡና ነጋዴው አባቴ ቤታችን ላይ ፎቅ ሲጨምር ደረጃውን የሰጠው ለጋሽ በራሶ ልጅ ለታደሰ ነበር። ታደሰ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን ቀጭን ወጣት ነው። ራሱን ችሎ የያዘው የመጀመሪያ ሥራ በመሆኑ፣ ይህ ካለፈለት የራሱን ቤት ይዞ ሊያገባ አስቧል። ክረምቱን ሙሉ የመላጊያውን ድምፅ ከዝናቡ ጋር እየሰማሁ ከረምኩ። ግቢያችን በዋንዛ ፍቅፋቂ ተሸፍኖ ነበር።

የፍተሻው ዕለት አባቴ ቡና ጭኖ አዲስ አበባ ሄዷል። ጋሽ በራሶ መጥተው መዳፋቸውን ከሥር ሰደዱ። ጥፍራቸው የትም አልገባም። እናቴ ሳህኑን ይዛ ስትጠብቅ ፊቷ በራ። ከዚያ እንጨቱን አሸተቱት፤ ጉንጫቸውን አስጠጉበት። ቀዘቀዛቸው። በዲላ ክረምት የማይቀዘቅዝ ነገር የት ይገኛል? እሳቸው ግን እርጥብ እንጨት ነው ብለው ደመደሙ።

“መጋጠሚያዋ ዛሬ ትይዛለች” አሉ። “በጋ ሲመጣ ትለቃለች።”

ታደሰ አቀርቅሮ ቆመ። አባት በሰው ፊት ሲናገር ልጅ አይመልስም፤ እንደዚያ ነው ያደገው። አባትየው ዝምታውን እንደ ማመን ቆጠሩበት። ዝምታ ወርቅ ነው የሚሉ ሰዎች ያን ቀን እኛ ቤት አልነበሩም። ጋሽ በራሶ ባርኔጣቸውን አነሱ፤ ሳህኑ እናቴ እጅ ላይ ቀረ።

በማግስቱ ታደሰ መሣሪያውን በጆንያ ጠቅልሎ ወደ ደቡብ በሚወርደው አውቶቡስ ተሳፈረ። አንዱ ይርጋጨፌ አየሁት አለ፤ ሌላው ፍስሐ ገነት። ከዚያ ወሬው ጠፋ።

አባቴ ተመልሶ ነገሩን ሲሰማ ራሱን ያዘ። እንጨቱ ካምና ጀምሮ ከቡና መጋዘኑ ጣሪያ ሥር ሲደርቅ የከረመ ነው፤ ለታደሰ የሰጠውም እሱ ራሱ ነበር። ሄዶ ይህንኑ ለጋሽ በራሶ ነገራቸው። “በጋ ትፍረድ” ብቻ አሉት።

በጋው መጣ። የጓሮ በራችን ተሰነጠቀ፤ መደገፊያው ግን ንቅንቅ አላለም። ጋሽ በራሶ እየመጡ ይነቀንቁታል፤ ጥፍራቸውን ይሰዳሉ፤ ይሄዳሉ። አንድ በጋ አይበቃም አሏት እናቴን። እኔ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ሳያቸው እንዲለቅ የሚመኙ ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን ምን ይመኙ እንደነበር አላውቅም።

በሚቀጥለው በጋ ደግሞ መጡ። መዳፋቸው ከመደገፊያው ሥር እንደገባ ቆመ። መጋጠሚያው አሁንም ጥፍር አያስገባም። ከዚያ የታችኛው ደረጃ ላይ ቁጭ ብለው “ቆጮ አለሽ ወይ?” አሏት እናቴን። ጎመን እንኳ አልነበረም፤ የቀዘቀዘውን ሰጠቻቸው። ቀስ ብለው በልተው ጨረሱት። እናቴ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም።

እጃቸውን ከታጠቡ በኋላ አባቴን አንድ ነገር ለመኑት፤ ቡና የሚጭኑለት ሾፌሮች ታደሰን ካገኙት “አባትህ በላ” እንዲሉት። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ሾፌሮቹ ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት መልእክት ነው ብለው ሳቁ፤ ቢሆንም ይዘውት ሄዱ።

ጋሽ በራሶ ሲሞቱ ቀብሩ ላይ ታደሰን በዓይኔ ፈለግሁት፤ አልነበረም። እሳቸው ከተቀበሩ በኋላም ያቺ ቃል በዚያ መንገድ ላይ ከሾፌር ሾፌር ስትተላለፍ ኖረች። ሰዎቹ ትርጉሟን አያውቁም ነበር። ደረሰችው ብሎ የነገረን የለም።