እግሯ የማያውቀው ውሃ

እናቴ አንድ እግሯ ባዶ ሆኖ ቤት ገባች። የምንኖረው ገላን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍት የሚባል ነገር የለም። ከገበያ ተመልሳ፣ ዘንቢሏን አስቀምጣ፣ ወንበር ላይ ቁጭ ስትል ነው ያየሁት። ቀኝ እግሯ ላይ ነጠላ ጫማ አለ፣ ግራው ላይ የለም። «እማዬ፣ ጫማሽስ?» አልኳት። ጎንበስ ብላ አየችና «ውይ፣ የት ጣልኩት?» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ከታች ያሉት ጎረቤታችን ጫማውን ደረጃ ላይ አግኝተው ይዘውት መጡ፣ እሳቸውም ሳቁ። ያ ሳቅ ዛሬም ይቆጨኛል።

«ብርድ ነው» አሉ ጎረቤታችን። እሳቸውና እናቴ አቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አብረው ሠርተው አብረው ጡረታ የወጡ ናቸው። እኛ ሰፈር እግር ከደነዘዘ ብርድ ነው፣ ወገብ ከያዘ ብርድ ነው፣ እጅ ከተንቀጠቀጠም ብርድ ነው። የፋብሪካው እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ዕድሜውን የቆመ ሰው፣ ብርዱ አጥንቱ ውስጥ ተኝቶ ቆይቶ በስተርጅና ይነሳበታል ይላሉ። እናቴም አመነች። የሱፍ ካልሲ ተገዛ፣ የሚያቃጥል ቅባት ተገዛ። እኔም ገዢዋ ነበርኩ፣ ሌላ ምን አውቄ።

እናቴ ጾመኛ ናት ብል አይገልጻትም። ሁዳዴው፣ የሐዋርያቱ፣ ፍልሰታው፣ ነቢያቱ፣ ረቡዕና ዓርቡ እንዳለ ሆኖ፣ ያልታዘዘውን የጽጌንም ትጾማለች። አባቴ ከሞተ ወዲህ ደግሞ ፍስኩንም ተወችው። «ለጥቂት ቀን ብዬ ሆዴን ምን አስለምደዋለሁ» ትልና በፋሲካ ማግስት ያንኑ ሽሮዋን ታቀርባለች። እንቁላል ቤታችን ቢገባ ለእኔ ነው። ወተት ሸተተኝ ማለት ከጀመረች ቆየች። እኔ ደግሞ ስጨቀጭቃት «አንቺ ብዪ፣ የእኔን ለእኔ ተዪው» ትለኛለች፤ በእሷ ነገር መከራከር ከግድግዳ ጋር ነው።

ከጫማው ነገር በፊት ፊቷ ገርጥቶ ነበር። ደረጃ ስትወጣ ልቧ ይመታል፣ ምላሷ ቆስሎ በርበሬ አልችልም ትላለች። ዋናው መንገድ ዳር ካለ ክሊኒክ ወሰድኳት። የደም ማነስ ነው ብለው ፎሊክ አሲድና አይረን ያለበት ኪኒን ሰጡን። እውነት ለመናገር ሠራ። ፊቷ ወዛ፣ ድካሟ ቀለለ። ጎረቤታችን ይህን አይተው «ቫይታሚን እኮ ነፍስ ነው» አሉና እሳቸውም ፋርማሲ ሄደው ቢ ኮምፕሌክስ ገዙ። ሽንታቸው ደማቅ ቢጫ ሲሆን በሽታው የወጣላቸው መስሏቸው ለደረጃው ሰው ሁሉ አወሩ። ሰውነት የተረፈውን ቫይታሚን ሲያስወጣ ነው ብሎ ማን ይንገራቸው። ደስ ብሏቸዋል፣ ተውኳቸው።

እናቴ ግን ፊቷ እያማረ እግሯ እየባሰ ሄደ። መጀመሪያ ጉንዳን የሚሄድባት ይመስላት ነበር፤ በኋላ ጉንዳኑም ቀረ። ምድጃ ለኩሳ መርሳት፣ የጎረቤት ልጆችን ስም ማምታታትም ጀመረች። አንድ ከሰዓት ከሥራ ስመለስ እሷና ጎረቤታችን ሳፋ ውስጥ ጨው ያለበት ሙቅ ውሃ አድርገው፣ እናቴ እግሯን ነክራ ሲጫወቱ አገኘሁ። ከውሃው እንፋሎት ይወጣል። እጄን ሰደድኩና ወዲያው መልሼ ሳብኩት። «እማዬ፣ ይሄ እኮ ፈልቷል።» «ኧረ ለብ ያለ ነው» አለችኝ፣ እየሳቀች። እግሯን ስታወጣው ቆዳው ቀልቶ ተነፍቷል።

በዚያ ቃጠሎ ነው ትልቁ ሆስፒታል የደረስነው። ሐኪሟ ወጣት ናት። የእናቴን እግር በመርፌ ጫፍ እየነካካች «ተሰማዎት እማማ?» ትላታለች፤ እናቴ እኔን እያየች ትመልሳለች፣ ፊቴ ላይ መልሱን ፍለጋ። «ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል ይበላሉ?» ስትላት «በፍስክማ እበላለሁ» አለች። ዞሬ አየኋት። እሷ ግድግዳውን ታያለች።

የደም ምርመራው ሲመጣ ሐኪሟ ለእኔ አስረዳችኝ። ቢ ትዌልቭ የሚባለው ቫይታሚን በሽሮና በጎመን አይገኝም፣ ከእንስሳ ከሚመጣ ምግብ ነው። ጉበት ለዓመታት የሚበቃ ስለሚያስቀምጥ የጾመ ሁሉ አይታመምም፤ የእናቴ ግን ሳይተካ አለቀ፣ በዚያ ላይ ዕድሜ ሲገፋ ሆድ ያገኘውንም በደንብ አይወስድም። ይህ ቫይታሚን ደምም ይሠራል፣ ነርቭንም ያለብሳል። ላስቲኩ የተላጠ የኤሌክትሪክ ሽቦ እንደማለት ነው፤ ልባሱ ሲያልቅ ከእግር የተላከው ወደ ላይ አይደርስም። ያ ደስ ብሎን የዋጠችው ፎሊክ አሲድ ደሟን ጠገነላት፣ ነርቩን ግን አላዳነውም። ደሟ ሲያምር ጊዜ ዳነች አልን። ብርድ ብርድ ስንል እግሯ ከሥር አለቀ።

እናቴ ሁሉን ሰምታ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች። «ለጸሎተ ሐሙስ በእግሬ እደርሳለሁ?» በየዓመቱ በዚያ ቀን ቤተ ክርስቲያን በእግሯ ትሄዳለች፣ የነፍስ አባቷ እግሯን ያጥቧታል፤ ከፋሲካው ይልቅ የምትጠብቀው እሱን ነው። ሐኪሟ «እንሞክራለን እማማ» አለች፤ ቀና ብላ ግን አላየቻትም።

ሐኪሟ የቫይታሚኑን መርፌና እንቁላል ስታዝላት፣ የነፍስ አባቷ «መድኃኒት ነው፣ ተወጊ፤ እንቁላሉንም ብዪ» አሏት። «አባ እኮ ለሰው ያዝናሉ» አለችኝ ስንወጣ። መርፌውን እሺ አለች፣ እንቁላሉን እምቢ። መርፌው ሠራ። ምላሷ ዳነ፣ ምድጃ ለኩሳ መርሳቷ ቀረ፣ የጎረቤት ልጆችን ስም ማምታታት ተወች። ሰው ሁሉ ተመስገን አለ። እኔ ግን ማታ ማታ ካልሲዋን ሳወልቅ ጣቷን ቆንጠጥ አደርጋለሁ፣ አውቄ። አንድም ቀን ዞራ አላየችኝም። ሐኪሟን ለብቻዋ ስይዛት «ቀድመን ብናገኘው ይመለስ ነበር። የሞተው አይመለስም፣ የቀረው እንዳይሄድ ነው የምንወጋት» አለችኝ። ለእናቴ አልነገርኳትም። ምን ብዬ ልንገራት?

ሐሙሱ ደረሰ። ነጭ ለብሳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ክንዴን ይዛ ወጣች። እግሯ የት እንዳረፈ የምታውቀው ስታየው ብቻ ስለሆነ አቀርቅራ እያንዳንዱን ደረጃ ታያለች። ከታች አንድ ሰው «እንዴት አደራችሁ» ሲል ቀና አለች፤ በዚያችው ተንሸራተተች። ግድግዳው ያዛት፣ እኔም ያዝኳት። ሦስተኛው ፎቅ ላይ እንኳ አልደረስንም። «በቃ መልሺኝ» አለች። ድምጿ ውስጥ ቁጣ ቢኖር በወደድኩ፣ ግን አልነበረም።

ጎረቤታችን ጉልባን ይዘውልን መጥተው፣ እሷን አይተው፣ አስቀምጠው ወጡ። እኔ ሳፋውን አወጣሁ። ውሃውን በክርኔ ለክቼ ለብ አደረግሁት። እናቴ ወንበሯ ላይ ተደግፋ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ከንፈሯ ለጸሎት ይንቀሳቀስ ጀመር። ግራውን አጠብኩ፣ ጠባሳው ላይ ቀስ እያልኩ። ቀኙን አጠብኩ። በጣቶቿ መሃል ሳይቀር በፎጣ አደረቅሁላት። ካልሲዋን ላጠልቅ ስል፣ ዓይኗን እንደጨፈነች፣

«ልጄ፣ ምነው ቆየሽ? አትጀምሪም እንዴ?» አለችኝ።

ካልሲውን መሬት ላይ አስቀመጥኩት። «ውሃው ትንሽ ይብረድ ብዬ ነው እማዬ» አልኳትና፣ እግሮቿን አንስቼ መልሼ ሳፋው ውስጥ ከተትኳቸው።