በፉርሽካ የታጠበ ድስት

በእኛ ቤት የዕቃ ማጠቢያ የምመርጠው እኔ ነኝ። ይህን ስል የሚስቅ እንዳለ አውቃለሁ። በመንዝ ሽማግሌ ስለ ወሰንና ስለ ዕርቅ ይጠየቃል እንጂ ስለ ድስት እጥበት ማን ይጠይቀዋል? ይሁንና እውነቱ ይኸው ነው። እኔ መረጥኩ፤ የመረጥኩትም ከሁሉ የሚሻለውን ነው። ደክሞኝ ነው እንጂ ቤት ለቤት እየዞርኩ ባስተማርኩ ነበር።

እኔ የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም። በጎልማሳነቴ መሐል ሜዳ ከአንድ ነጋዴ ዘንድ ጭነት አወርድ ነበር፤ ፊደል የለየሁትም በትከሻዬ ከተሸከምኩት ከረጢት ላይ ነው። የስኳሩን ጽሑፍ ከስኳሩ፣ የጨውን ከጨው እያዛመድኩ፣ ማንም «ሀ በል» ሳይለኝ አነበብኩ። ከዚያ ወዲህ ጽሑፍ ያለበትን ነገር ዝም ብዬ አላልፍም፤ የክብሪት ቀፎ ይሁን፣ የዘይት ጄሪካን ይሁን፣ የመድኃኒት ብልቃጥ ይሁን። ተምረናል የሚሉት ዕቃውን ከፍተው ይጠቀማሉ፤ እኔ መጀመሪያ ጀርባውን አነባለሁ። ዛሬ ዓይኔ ደክሞ ደቃቁ ፊደል ቢተራመስብኝም ልማዱ አልተወኝም።

ነገሩ የተጀመረው ከባለቤቴ እጅ ነው። ጥር ላይ በእኛ አገር ውርጩ ሣሩን አንጥቶት ያድራል፤ ጠዋት የሚቀዳ ውኃ ጣት ያደነዝዛል። ባለቤቴ ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ ድስት የፈተገችው በአመድ ነው። የእጇ ጀርባ ተሰነጣጥቆ፣ አንዱ ሲድን ሌላው እየተከፈተ፣ በጋ ከክረምት አይለቃትም። ደብረ ብርሃን መሥሪያ ቤት የምትሠራው ልጃችን ለጥምቀት መጥታ ይህን አየች። ከተመለሰች በኋላ ብዙም ሳይቆይ በሚኒባስ አንድ ትልቅ ጠርሙስ ፈሳሽ ሳሙና ላከች።

ጠርሙሱ ላይ አረንጓዴ ቅጠል ተስሏል፤ ከቅጠሉ ሥር «ለአካባቢ ተስማሚ» ይላል። ልጄ በስልክ እንደነገረችኝ ሱቅ ቆማ አማርጣ ነው የገዛችው፤ እጅ አይልጥም፣ ወንዝ ቢገባም አይጎዳም ብለዋታል። ጀርባውን አነበብኩ። ስለ እጅ ተጽፏል፣ ስለ ወንዝ ተጽፏል፣ ስለ ሎሚ ሽታም ተጽፏል። ስለ ላም አንድ ቃል አልነበረበትም። የከተማ ሰው ያስበዋል ብዬም አልጠበቅሁም።

ስለ ላም ያነሣሁበትን ምክንያት ለማያውቅ ልንገር። በእኛ ቤት የዕቃ እጣቢ አይደፋም። ከሳህን የተረፈው ፍርፋሪ፣ ከድስት የለቀቀው ወጥ ሁሉ ከነውኃው በባልዲ ይጠራቀምና ፉርሽካና ጨው ተነስንሶበት ለላሟ ይቀርባል። በበጋ ሣሩ አልቆ የገብስ ገለባ ብቻ ሲቀር፣ የምትታለብ ላም ወተቷን የምትይዘው በዚያች ባልዲ ነው። ላማችን የሳህን ኳኳታ ስትሰማ ገና ከበረት አንገቷን ታወጣለች። ባለቤቴም እጣቢውን ለላሟ የምትወስደው አስባበት አይደለም፤ ከእናቷ ያየችው ነው፤ እግሯ በራሱ ይወስዳታል።

ሳሙናው የመጣ ዕለት ሳህኑ ሁሉ አበራ። ባለቤቴ እያገላበጠች «ፊቴን አየሁበት፤ አርጅቻለሁ ለካ» አለች። እጣቢውንም እንደ ልማዷ ይዛ ወደ በረት ሄደች። ላሟ አሽታ ፊቷን አዞረች። ባለቤቴ ጨው ጨመረችበት። በማግስቱ ፉርሽካውን አበዛችው፤ ላሟም ለፉርሽካው ስትል ጠጣችው። ከዚያ በኋላ ሆዷ ተረበሸ። ተቅማጡ ጅራቷን አበላሸው፣ ዓይኗ ቦዘዘ፣ ወተቷም ለጥጃዋ እንኳ የማይበቃ ሆነ።

ሰፈሩ የየራሱን ፍርድ ሰጠ። አንዷ ጎረቤት ዓይን ነው አለች። ሌላዋ ከቆላ የመጣ በሽታ ነው አለች። ባለቤቴ ጠበል አምጥታ ረጨቻት። ጠበሉን አልነቅፍም። እኔ ግን በረት ገብቼ ባልዲውን ሳገላብጥ ከጠርዙ ላይ የደረቀ ነጭ አረፋ አየሁ። በጣቴ አንሥቼ ቀመስኩት፤ ሎሚ ሎሚ አለኝ።

«ላሟን ዓይን አልበላትም» አልኳት ባለቤቴን። «ሳሙና ነው ያጠጣናት።»

ያስጠራነው የእንስሳት ሐኪም ከሰዓት በኋላ መጥቶ ያንኑ ነገረን። እኔ ቀድሜው ነበር።

እጣቢው ሲቋረጥባት የላሟ ሆድ ዳነ፤ ሌላ ችግር ግን ተተካ። በደረቅ ገለባ ብቻ የቀረች ላም ምን ትሆናለች? ጎኗ ወደ ውስጥ ገባ፣ ጡቷ ሟሸሸ። ልጃችን ይህን ስትሰማ ነገሩን ባጭሩ ቆረጠችው፤ ላሟ ትሸጥ፣ እማማም በሳሙናዋ ትጠብና እጇ ይዳን አለች። እውነት ለመናገር እኔም ብዙ የምከራከርበት አቅም አልነበረኝም። ጉልበቴ ገለባ ከክምር መምዘዝ፣ በረት መጥረግ ሰልችቶታል። በእኔ ዕድሜ ሰው ላም ይዞ ሲንገላታ ምን ያምርበታል? እንዲያውም «ልክ ነሽ ልጄ» ልላት አፌን ስከፍት ባለቤቴ ስልኩን ከእጄ ወሰደችው።

«ልጄ» አለቻት፣ «ላሟ ከሄደች ጠዋት የምነሣው ለምንድን ነው?»

  በመጨረሻ የተስማማነው እንዲህ ነው፤ ሁዳዴ እስኪገባ እጇንም ላሟንም የማይጎዳ ማጠቢያ ከተገኘ ላሟ ትቆያለች፣ ካልተገኘ ግን አቅም ሳታጣ ለገበያ ትወጣለች። «ማን ይፈልገው?» አለች ልጄ። «አባትሽ እያለ?» አልኳት።

ፍለጋውን ጀመርኩ። መጀመሪያ ፍል ውኃ ብቻውን ሞከርኩ። ፍል ውኃ ሽሮ ያነሣል፤ ቅቤ ግን ያቀልጥና ከአንዱ ሳህን ወደ ሌላው ያዞረዋል እንጂ አያነሣም። ቀጥሎ እንዶድ ፈለግሁ። እንዶድ ከእኛ ብርድ ጋር አይስማማም፤ ሞቅ ከሚለው ከዓለም ከተማ በኩል የወጣ አንድ ሻጭ ግን ገበያ ላይ ይዞ አገኘሁ። ሰውዬው ከእግዜር እጅ በቀጥታ የወጣ፣ ንጹሕ፣ ማንንም የማይጎዳ ነገር ነው ብሎ ማለልኝ። ሬትም ከእግዜር እጅ ነው የወጣው አልኩት፤ እሱም ሳቀ፤ እኔም ገዛሁ። ቤት ወስጄ ወቀጥኩ፣ በጠበጥኩ። አረፋው የልጄን ሳሙና አስናቀ። ግን ለላም የሚሆነውን ነገር ሁሉ አስቀድሜ በምላሴ እሞክር ስለነበር ይህንንም ቀመስኩት፤ ጉሮሮዬን ከርክሮኝ ስተፋ ዋልኩ። ከዛፍ የተለቀመ ሁሉ ለሆድ አይሆንም። እንዶዱን ለነጠላ ማጠቢያ ለባለቤቴ ሰጠኋት።

ከዚያ ወደ አመድ ተመለስኩ። አመድ ሁሉ አንድ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። መንዝ እንጨት የለንም፤ የምናነደው ኩበት ነው፤ የኩበት አመድ ጥቀርሻ ይፈትጋል እንጂ ቅባት ላይ ሰነፍ ነው። የባሕር ዛፍ አመድ ቅባቱን ጠራርጎ ያወጣል፤ ነገር ግን ቆዳም አብሮ ይወስዳል፤ ውኃውም ለከብት የሚሰጥ አይደለም። ይህን ሁሉ በተራ ፈትኜ ስጨርስ ለባለቤቴ አስረዳኋት። እሷ እስከ መጨረሻው ሰማችኝና ሁለት እጇን ከፊቴ ዘረጋች።

«አንተ የተጻፈ ሁሉ ታነብ የለም?» አለችኝ። «ይህ እዚህ ላይ ተጽፎልህ ነበር።»

ሰለቸኝ። ሁዳዴ ደርሷል፣ ላሟ ከስታለች፣ ጠርሙሱ መስኮት ላይ ቅጠሉን ወደ እኔ አዙሮ ተቀምጧል። በዚያው ሰሞን ለባለቤቴ እጅ ቅቤ የማሸው እኔ ነበርኩ፤ በራሷ ጣት ስታሸው ቁስሉ ያማታል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቅቤውን አሽቼ፣ እጄን ሳልታጠብ፣ ለላሟ ጥቂት ፉርሽካ ልዘግን ተነሣሁ። ከረጢቱ ውስጥ እጄን አስገብቼ ሳወጣ ጣቶቼ ደረቅ ናቸው። ቅቤው የለም። ሌላኛውን እጄን አስገባሁ፤ እሱም ደረቅ ሆኖ ወጣ። ፉርሽካው ቅቤውን ጠጥቶታል። ይህን ማንም አልነገረኝም፤ በየትኛውም ከረጢት ላይ ተጽፎ አላነበብኩትም። ሰው ሁሉ ፉርሽካን እጣቢው ላይ ይነሰንሳል፤ በፉርሽካ ዕቃ ያጠበ ግን እስከ ዛሬ አላየሁም።

ባለቤቴ በቀላሉ የምታምን ሴት አይደለችም። በእኛ ዘንድ በቅበላ ቅቤና ሥጋ ይበላና በማግስቱ ሰኞ የቤቱ ዕቃ በሙሉ የፍስክ ሽታ እስኪለቀው ይፈተጋል። ቅቤ የነካ ድስት የጾም ወጥ አይሠራበትም። እንግዲህ ፉርሽካህ የሚፈተነው በዚያ ነው አለችኝ። እኔም ይሁን አልኩ።

ሰኞ ጠዋት ዕቃውን ሁሉ ፀሐይ ላይ አወጣሁ። መጀመሪያ በደረቅ ፉርሽካ አሸሁ፤ ያን በባልዲ ሰበሰብኩ። ቀጥሎ በፍል ውኃና በፉርሽካ ደገምኩ፤ እሱንም በባልዲው ጨመርኩ። በመጨረሻ በንጹሕ ውኃ አለቀለቅሁ። ባለቤቴ በርጩማ ላይ ተቀምጣ እያንዳንዱን ሳህን ተቀብላ አፍንጫዋን ትደፋበታለች። ሳህኖቹ አለፉ። ትልቁን ድስት አሽታ መለሰችልኝ።

«ይሄኛው ገና ቅበላ ላይ ነው።»

ጀርባዬ እየታመመ ዳግመኛ አሸሁት። አሁንም መለሰችው። ሦስተኛ ሳቀርብላት ረጅም ጊዜ አሸተተችውና ከታጠቡት ጋር ደፋችው።

«ጾሟል» አለች።

ባልዲውን እኔው ራሴ ወደ በረት ወሰድኩ። ላሟ መጀመሪያ እንደ ተቀየመ ሰው በጎን አየችኝ፤ የሳሙናው ነገር አልወጣላትም። ከዚያ አፍንጫዋን አስገባች፣ ቆመች፣ እንደገና አስገባች። የባልዲውን ታች እስክትልስ አንገቷን ቀና አላደረገችም።

ሥራው ሲያልቅ እኩለ ቀን አልፎ ነበር። ሳሙናው ይህን ሁሉ ዕቃ ቁርስ ሳይቀርብ በጨረሰው ነበር። ባለቤቴ ይህን አልሳተችውም።

«ያገኘኸው ነገር ጥሩ ነው» አለችኝ። «ግን ግማሽ ቀን የሚያስጎነብስ ሳሙና ለእኔ ወገብ አይሆንም። እጄም ፍል ውኃ አይችልም። ያገኘኸው አንተ ነህ፤ አንተው እጠብ።»

 እጇ ሊድን የሚችለው ከውኃ ሲርቅ ነው፤ ላሟ ልትቆይ የምትችለው ፉርሽካው ሲቀጥል ነው። በሁለቱ መካከል የቀረው ሥራ ፈት እጅ የእኔ ብቻ ነበር። ስለዚህ ከዚያ ሰኞ ጀምሮ የቤታችንን ዕቃ የማጥበው እኔ ነኝ።

ለወንድ፣ ያውም ነጠላው ተከብሮለት ለኖረ ሽማግሌ፣ ቀላል ነገር አይደለም። አንድ እኩያዬ ለዕርቅ ሊጠራኝ መጥቶ ደጅ ላይ እጅጌዬን ሰብስቤ ድስት ሳሽ አገኘኝ። ቆሞ አየኝ፣ ጢሙን ዳሰሰ፣ ከዚያ «ምነው፣ ጉልቻ ተለዋወጣችሁ?» አለኝ። ወደ በረት ወስጄ የላሜን ጎን አሳየሁትና የራሱ ላም ከዚህ እንደምትወፍር ከማለልኝ እንዲስቅብኝ ፈቀድኩለት። አልማለም። ጥቂት ቆይቶ መንገድ ላይ አግኝቶኝ ፉርሽካው ደረቅ ነው እርጥብ የሚቀድመው ብሎ በለሆሳስ ጠየቀኝ። ለሚስቱ ነው አለ።

አሁን ሁዳዴው ተጋምሷል። ወተቷ ተመልሷል፤ እኛ ስለማንጠጣው ባለቤቴ ለፋሲካ ቅቤ እያጠራቀመች ነው። ልጃችን ሰሞኑን ደውላ ላሟን ያተረፈውን ማጠቢያ ከየት ገዛችሁት አለችን፤ ከፉርሽካ ከረጢት አልኳት፤ አባባ ሲቀልዱ አለችኝ። አልቀለድኩም። የእናቷ እጅ ቁስሉ ገጥሟል፣ ጠባሳው ብቻ ቀርቷል። የእኔ ጣቶች ግን በየመገጣጠሚያው መሰንጠቅ ጀምረዋል፤ ወገቤንም ቀና ለማድረግ ግድግዳ እይዛለሁ።

ባለቤቴ ጠዋት የምትነሣበትን ነገር እንዳታጣ ብዬ ነበር የተመራመርኩት። አሁን እሷ ጋቢዋን ተከናንባ ስትተኛ ቀድሜ የምነሣው እኔ ነኝ። ትናንት ጠዋት ትንሽ ልተኛ ብዬ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ። ላሟ ከበረት ጮኸች። ዝም አልኩ። ደግማ ጮኸች።

«ትጠራሃለች» አለችኝ ባለቤቴ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ።

ተነሥቼ ከረጢቱን ፈታሁ።