በ«መቱኝ» እና በ«መታኝ» መካከል

እንቁ ወልደገብርኤል ሃያ አራት ዓመት ሙሉ የሰው በር ስታንኳኳ ኖራለች። ሥራዋ መጠየቅ ነው። አገር አቀፍ ጥናት በተጠራ ቁጥር በዕጣ የወጡትን ቤቶች ዝርዝር ትቀበላለች፤ ስለ ጤና፣ ስለ እርሻ፣ ስለ ትዳር፣ ሰው ስለሚያምነውና በተግባር ስለሚያደርገው ትጠይቃለች፤ መልሱንም ሳትጨምር ሳትቀንስ ትመዘግባለች። ሥራው ከሩቅ ሲያዩት ሰላማዊ ይመስላል። ገላዋን ያየ ግን እንደዚያ አይልም። ተጣሞ የገጠመው የግራ ክንዷ፣ «በቤቱ ስንት ወንድ ልጅ አለ?» ስትል ልጁን ለውትድርና ልትመዘግብ የመጣች የመሰለው ገበሬ በዱላ የሰበረው ነው። ባቷን የዘነጠለው ውሻ ሆን ተብሎ የተለቀቀባት ነበር። አንገቷ ሥር የተጨማደደው ቆዳ ደግሞ እዚሁ አራዳ ውስጥ ያገኘችው ነው፤ «ወልደው የሞተብዎ ልጅ አለ?» የሚለውን ጥያቄ ለአንዲት ሐዘንተኛ ልጇ በሞተ በሦስተኛው ቀን አነበበችላት፤ ሴትዮዋም የፈላ ውሃ ደፋችባት። እንቁ አልከሰሰችም። ጥያቄውንም ከተራው አላነሣችም።

የተወለደችው ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ በሚገኝ ባለ አንድ ክፍል ቤት ነው። አባቷ አቶ ወልደገብርኤል ቄራ የሚሠሩ፣ ቤትም ሲገቡ እጃቸው የማያርፍ ሰው ነበሩ። እናቷ ለዘመድ ስትናገር «መቱኝ» ትል ነበር እንጂ ማን እንደመታት ጠርታ አታውቅም። መጥራትም አያስፈልጋትም ነበር፤ በዚያ ቤት «አንቱ» የሚባል ሰው አንድ ብቻ ነው። እንቁ አሥራ አንድ ዓመት ሲሞላት እናቷ አንድ ጠዋት ከመኝታዋ አልተነሣችም። በሐኪም ቤቱ ካርድ ላይ «ከደረጃ ወድቃ» ተብሎ ተጻፈ። ቤታቸው ደረጃ አልነበረውም። ያን ካርድ ካነበበችበት ቀን ጀምሮ እንቁ ከሰው ቃል ላይ አንዲት ፊደል ስትጎድል ሕመም ይሰማታል።

ባለፈው ዓመት በወጣው ዕጣ ፒያሳ ከወርቅ ቤቶቹ ጀርባ ያለ አንድ ግቢ ደረሳት። ሦስት አባወራ ይኖርበታል። በመጀመሪያው ቤት የሚኖረው ልብስ ሰፊው የሲን፣ ሜትሩ ከአንገቱ የማይወርድ ቀልደኛ ነው።

«እትዬ እንቁ፣ ባለፈው ስንት ዶሮ እንዳለኝ ጠይቀሽኝ ነበር» አላት። «ዘንድሮ ዶሮዎቹን ራሳቸውን ጠይቂያቸው።»

«ዶሮ የለኝም ብለህ አስመዝግበሃል።»

«ኧረ አንቺስ አትረሺም! ልብስ እንድሰፋልሽ አልሰጠሽኝም እንጂ፣ በቀጠሮዬ ቀን አልቆልኝ ነበር።»

ጥያቄ ስልሳ አራት ላይ ደረሱ። «ጎረቤትዎ ሚስቱን ሲደበድብ ቢሰሙ ምን ያደርጋሉ?»

«በሩን ሰብሬ እገባለኋ!» አለ የሲን፣ መርፌውን እንደ ጦር እያነሣ። «የአራዳ ልጅ ቆሞ ይሰማል እንዴ?»

በሁለተኛው ቤት የምትኖረው የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴዋ ወይዘሮ ነሲባ ለዚሁ ጥያቄ፣ «ጮኼ ሰፈሩን እጠራለሁ፤ ዝም ማለት ከመቺው ጋር መምታት ነው» ብላ መለሰች። እንቁ ሁለቱንም መዘገበች። መልሳቸው ለማንም እንደማይነገር ቃል ገብታላቸው ነበር፤ በሃያ አራት ዓመት ውስጥ ይህን ቃል አፍርሳ አታውቅም።

ሦስተኛው ቤት የወርቅ አንጥረኛው የአቶ ገብረዮሐንስ ነው። እርሳቸው ከፊት ለፊት ባለው ሱቅ ይሠራሉ፤ በደብራቸው የሰበካ ጉባኤ አባል ናቸው፤ ሰፈሩ ሲያያቸው ከመቀመጫው ይነሣል። በዕጣ የወጣችው ባለቤታቸው ምኞት ናት፤ ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ ከባሏ በሃያ ስድስት ዓመት ታንሳለች።

«አንዲት ሚስት ወጥ ብታሳርር፣ ባሏ ቢመታት ተገቢ ነው ይላሉ?»

«ተገቢ ነው።»

«ሳትነግረው ከቤት ብትወጣስ?»

«ተገቢ ነው።»

«ብትከራከረውስ?»

«እሳቸውን? ማን ደፍሮ!» ብላ ሳቀች፤ ወዲያው እጇን ጎኗ ላይ ጭና ሳቋን በመሃሉ አቆመችው።

እንቁ የበሩን መጋረጃ አይታ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ከአሥራ አምስት ዓመትዎ ወዲህ ተመትተው ያውቃሉ?»

 ምኞት ሌላ ሰው ላይ የደረሰ ነገር የምታወራ ይመስል በተስተካከለ ድምፅ ተናገረች። «ከፋሲካ በፊት በመዶሻ እጀታ ጎኔን መቱኝ። ከወደቅሁም በኋላ አልተዉኝም፤ ሆዴን ረገጡኝ። የአራት ወር ነፍሰ ጡር ነበርሁ። ደም ሲፈሰኝ መሬቱን እንድወለውል አዘዙኝ፤ ወለወልሁ።»

ቀጣዩ ጥያቄ «የመታዎ ማን ነው?» የሚል ነበር። እንቁ አፏን ስትከፍት መጋረጃው ተገለጠና አቶ ገብረዮሐንስ ገቡ። ለእንዲህ ያለው ጊዜ የተዘጋጀ ደንብ አለ፤ እንቁ ድምፅዋን ሳትለውጥ፣ «የምትጠቀሙበት ጨው የታሸገ ነው ወይስ በስፍር የሚሸጠው?» አለች።

«የታሸገው» አለች ምኞት።

«መንግሥት ለዚህ ነው ሰው የሚልከው?» አሉ አቶ ገብረዮሐንስ።

«አዎን ጌታዬ። ጨው ብዙ ነገር ይናገራል።»

እርሳቸውም አጠገባቸው ተቀምጠው ስለ ጨውና ስለ ሳሙና የተጠየቀውን ሁሉ እስከ መጨረሻው ሰሙ። ምኞት ስትሸኛት ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ፣ «ሐሙስ ጠዋት ደብር ስብሰባ አላቸው» አለች። እንቁም «ሐሙስ እመጣለሁ» አለቻት። ቀኑ ማክሰኞ ነበር።

አመሻሽ ላይ መዝገቡን ለመላክ ስትከፍተው «የመታዎ ማን ነው?» የሚለው ቦታ ባዶ ነው። ማን እንደሆነ ታውቃለች። ቢሆንም አልሞላችውም፤ ያልተጠየቀ ጥያቄ መልስ የለውም ብላ የምታምን ናት። በማስታወሻው ሥር ግን የምኞትን ቃል ፊደል ሳታጎድል ጻፈች፤ «መቱኝ»፣ «ረገጡኝ»፣ «አዘዙኝ»። አማርኛ የሚያነብ ሰው ሁሉ ይገባዋል ብላ ላከችው። ያጠፋችው ይህንን ነው፤ በሕይወቷ ሙሉም ለዚህ ራሷን ይቅር አላለችም።

ረቡዕ ጠዋት አምስት ኪሎ ካለው ጽሕፈት ቤት ስትደርስ የመረጃ ጥራት ተቆጣጣሪው ኢዩኤል ከወንበሩ ሳይነሣ ጠራት።

«እትዬ እንቁ፣ ያች የፒያሳዋ ሴትዮ የቡድን ጥቃት ነው የደረሰባት አይደል? ስንት ሰው እንደመታት አልሞላሽም።»

«የምን ቡድን?»

«‹መቱኝ፣ ረገጡኝ› ትላለች እኮ። ብዙ ናቸው። እንዳይዘገይ ብዬ በተመዘገበው ስልክ ደወልሁና ባሏን አገኘኋቸው።»

እንቁ ቦርሳዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «‹አገኘኋቸው› አልህ። ስንት ባል ነው ያገኘኸው?»

ኢዩኤል ሊስቅ ጀምሮ ፊቱ ደረቀ።

«ምን ብለህ ጠየቅሃቸው?»

«‹ባለቤትዎን የደበደቧቸው ሰዎች ስንት እንደነበሩ ያውቃሉ?› አልኋቸው።» ወደ ስልኩ አየ። «‹እሷን ጠይቄ እነግርሃለሁ› ብለው ዘጉት።»

«መቼ ነው?»

«ግማሽ ሰዓት ይሆነዋል።»

የተሳፈረችበት ታክሲ ራስ መኰንን ድልድይ ላይ በመኪና ሰልፍ ተያዘ። እንቁ ወርዳ ዳገቱን በሩጫ ያዘችው፤ ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነበር። ማኪያቶ የሚጠጡ ሰዎች ዞረው አዩዋት። የወርቅ ቤቱ በር ዝግ ነበር።

በግቢው ውስጥ የሲን ሜትሩን በአንገቱ እንዳደረገ፣ ነሲባ መዳፏን አፏ ላይ እንደጫነች ቆመዋል። ከውስጥ የሚሰማው ጩኸት አይደለም። እርጥብ ልብስ በድንጋይ ላይ ሲወቀጥ እንደሚሰማው ያለ፣ የማይቸኩል ድምፅ ነው። በየመሃሉ የአንድ ሰው ንግግር ይሰማል፤ «ስንት ነን? ንገሪኝ። ስንት ነን?» ከዚያ ደግሞ ያ ድምፅ።

እንቁ በሩን በሁለት እጇ ደበደበችው። «ይክፈቱ!»

«ጥያቄሽን ጨርሰሻል! ሂጂ!» አሉ ከውስጥ።

«የሲን፣ ምን ትጠብቃለህ?»

«እትዬ፣ የባልና የሚስት ነው እኮ» አለ፤ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ። «ትልቅ ሰው ናቸው። ሽማግሌ ቢላክ ነው የሚሻለው።»

ነሲባም፣ «እኛ ስንገባ ይብስባታል» አለች።

ከውስጥ አንድ ነገር ሲሰበር ተሰማ፤ ሸክላ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ምኞት ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኸች፤ ጩኸቱም በመሃሉ ተቆረጠ።

እንቁ ወደ ሁለቱ ዞረች። በእነዚያ ሃያ አራት ዓመታት ዱላም፣ ውሻም፣ የፈላ ውሃም ያላስጣሏት አንድ ነገር ነበራት፤ እሱን በዚያች ቅጽበት በገዛ አፏ ጣለችው።

«ጥያቄ ስልሳ አራት!» ብላ ግቢው እስኪያስተጋባ ጮኸች። «የሲን! ‹በሩን ሰብሬ እገባለሁ፤ የአራዳ ልጅ ቆሞ ይሰማል እንዴ› ብለሃል። ወይዘሮ ነሲባ! ‹ዝም ማለት ከመቺው ጋር መምታት ነው› ብለሻል። በእጄ ነው የጻፍሁት። አሁን ልሰርዘው?»

የሲን በጥፊ እንደተመታ ሰው ወደ ኋላ ተንገዳገደ። ከዚያ ዘወር ብሎ የስፌት መኪናውን የብረት ወንበር አንጠልጥሎ መጣ። በሦስተኛው ምት መቀርቀሪያው ተነቀለ። ነሲባም ያን ጊዜ፣ ከወርቅ ቤቶቹ ሰው ሁሉ በሚያስወጣ ድምፅ «ኡኡ!» አለች።

ገብረዮሐንስ መዶሻውን ገልብጦ፣ በእጀታው ሳይሆን በብረቱ በኩል ሊመታ አንሥቶ ነበር። ምኞት ግድግዳው ሥር ተኮራምታለች፤ ፊቷ የት ጋ እንደሆነ በደሙ መካከል አይለይም፤ አንደኛው ትከሻዋ ከቦታው ወርዷል። እንቁ በመካከላቸው ገባች። ለምኞት ራስ የተነሣው ብረት በግራ ክንዷ ላይ፣ ዱሮ ተጣሞ በገጠመው አጥንት ላይ አረፈ፤ ሲሰበር ራሷ ሰማችው። ሰውየው ለሁለተኛ ጊዜ ሲያነሣ የሲን በወንበሩ ጉልበቱን መታው። ወደቀ። የወርቅ ቤቶቹ ሠራተኞች ገብተው እላዩ ላይ ተከመሩበት፤ አንዱ አፉን በቡጢ ሲለው ጥርሱ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። ነሲባ ምኞትን በገላዋ ሸፍና ተኝታ ነበር፤ «በቃ፣ በቃ የኔ እህት» እያለች ትደጋግማለች። ሰውየው ከሥር ሆኖ፣ «ባሏ ነኝ! ባሏ ነኝ እኮ!» ይል ነበር። 

መሥሪያ ቤቱ የተጠያቂዎችን ምስጢር በአደባባይ በማውጣቷ እንቁን አሰናበታት። ይግባኝ በይ ሲሏት፣ «ደንቡ ትክክል ነው» ብላ መታወቂያዋን መለሰች። የሲን ሐኪም ቤት ሊጠይቃት መጥቶ ከአልጋዋ ጠርዝ ተቀመጠ።

«እትዬ እንቁ፣ መልሴን አስተካክይልኝ» አላት። «‹ሰው ከጮኸብኝ በሩን ሰብሬ እገባለሁ› ብለሽ ጻፊው።» አልሳቀም፤ እሷም አልሳቀችም።

በአራተኛው ቀን ፖሊስ የምኞትን ቃል ሊቀበል መጣ። እንቁ ክንዷን በጀሶ አንጠልጥላ በአጠገቧ ወንበር ላይ ነበረች። ገብረዮሐንስ በምኞት ላይ ላደረሰው ጉዳት በሕግ የሚጠየቅበት ወይም የሚያመልጥበት ነገር በዚህ ወረቀት ላይ ነበር፤ ጎረቤቶቹ ገብተው ያዩት መዶሻው ተነሥቶ በእንቁ ክንድ ላይ ሲያርፍ ብቻ ነው፤ ከዚያ በፊት በዝግ በር የሆነውን የምታውቀው ምኞት ናት። ምኞትም ከንፈሯ ተሰፍቶ፣ ደረቷ ታስሮ፣ ቃላቱን አንድ በአንድ ታወጣቸዋለች።

«ምን ሆንሽ?» አላት ፖሊሱ።

«መቱኝ።»

ፖሊሱ ብዕሩን አዘጋጀ። «ስንት ነበሩ?»

እንቁ ጥርሷን ነከሰች። ለተጠያቂ መልስ በአፉ አይጨመርም፤ ሥራው ቢቀርባትም ይህ አልቀረባትም። ምኞት ግን ጥያቄውን ሰምታለች። «ስንት ነን?» እየተባለች የተመታችበት ጥያቄ ነው። ዓይኗ ከፖሊሱ ወደ እንቁ ጀሶ፣ ከጀሶው ወደ መስኮቱ ሄደ። ከዚያ ራሷን ከትራሱ ቀና አደረገች፤ ክሩ የያዘው ከንፈሯ ደማ።

«አንድ ነው። መታኝ። ገብረዮሐንስ መታኝ።»

ፖሊሱ ጻፈ። እንቁ፣ «የጻፍኸውን አንብብላት» አለችው።

«‹ባለቤቴ አቶ ገብረዮሐንስ መቱኝ።›»

«እንደዚያ አላለችም» አለች እንቁ። «ሰርዘው። ቃሏን ጻፍ፤ አክብሮትህን ለራስህ ያዘው።»

ፖሊሱ ቀና ብሎ አያት፤ ከዚያ ወደ ምኞት ዞረ። ምኞት በደማው ከንፈሯ ደገመችለት፤ እሱም «ባለቤቴ አቶ» የሚለውን ሰረዘ፤ «ቱ»ንም ሰርዞ «ታ» ጻፈበት፤ በስርዙም ላይ አስፈረማት።