የአዳዳ ትኩስ ድንች

የአክስቴ አርባ ወጣና እንግዳው ሁሉ ወደ ጊንጪ፣ ወደ ባኮ ተመለሰ። አምቦ ባለው ቤቷ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ።

አዳዳ ነበር የምንላት፤ የአባቴ እህት ናት፣ ያሳደገችንም እሷ ናት። ማታ ከቀበሌ ስብሰባ ስትመለስ ድንች ከነልጣጩ ትቀቅላለች። ከድስቱ እንደወጣ፣ እንፋሎቱ ሳይለቀው፣ በጣቷ እየላጠች ለእኔና ለወንድሜ ታቀብለናለች። እኛ በዳጣ እያጠቀስን እንበላለን።

"አዳዳ፣ አያቃጥልሽም?" ስንላት፣ "እጄ ለምዶታል። ኛዻ፣ ብሉ!" ትለናለች።

ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና ከሄደ በኋላ ሁለታችን ቀረን። ታማ በተኛችበት ሰሞን እኔ ቀቅዬ ልልጥላት ሞከርኩ። ገና ስነካው አቃጠለኝና ጣልኩት። ከአልጋዋ ተንጠራርታ እጄን ያዘችና ጣቶቼን እፍ እፍ አለችልኝ። ከዚያ ድንቹን ራሷ ልጣ ግማሹን አጎረሰችኝ።

"የአንቺ እጅ ገና ነው" አለችኝ።

ትናንት ለራሴ ቀቀልኩ። እስኪበርድ ልጠብቅ ብዬ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ሲበርድ ልጬ በዳጣ አጠቀስኩት።

ለካስ ዕድሜዬን ሙሉ የበረደ ድንች በልቼ አላውቅም።